ሸምበቆውን መልሱልን፦ ለሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የሐዋሳ ሐይቅን ዳርቻ፣ መናፈሻዎቹንና የመዝናኛ ሥፍራዎቹን እንድታስተዳድሩ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ፣

ጉዳዩ፦ በዳርቻ ማስዋብ ሥራው በእኛና በሐይቁ እንስሳት ላይ ስለደረሰው በደል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ማለዳ ማለዳ በሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ሥፍራ ተነሥተን በዳርቻው መንገድ እስከ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል በእግራችን የምንሄድ ጡረተኞች ነን። ከመካከላችን መምህራን፣ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች የነበሩ አሉ፤ ምጽዋ ላይ ያገለገለ አንድ የቀድሞ ባሕረኛም አለን። የተመዘገበ ማኅበር የለንም። ቢሯችሁ ቀርበን አቤት ባልን ጊዜ «ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» ተብለን ተመልሰናል። ማኅተም ለሌለው ሰው የቀረው አደባባይ ስለሆነ በአደባባይ ጽፈናል።

ለመጻፍ ያነሣሣን «ለውበት ሥራ ለጊዜው ተዘግቷል» የሚለው የቆርቆሮ አጥር ሲነሣ ያየነው ነገር ነው። ዳርቻው አይሠራ አንልም። የድሮው መንገድ ተቦርቡሮ ሰው ይጥል ነበር፤ ማታም ጨለማ ነበር። ቅሬታችን ስታስውቡ ባነሣችሁት ላይ ነው። ሰው ከአዲስ አበባም ከውጭም ይህን ሐይቅ ብሎ የሚመጣበትን ነገር አንሥታችሁታል። ሸምበቆውን እንደ ቆሻሻ፣ ሾላውን እንደ ጋሬጣ፣ ቁጭ ብሎ ሐይቅ የሚያየውን ሰው እንደ ሥራ ፈት ቆጥራችኋል።

በመቀመጫው እንጀምር፤ ለእኛ ቅርቡ እርሱ ነው። ቀድሞ በሾላዎቹ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ሎተሪ አዟሪው ሳጥኑን አስቀምጦ ያርፍባቸዋል፣ ተማሪ ያጠናባቸዋል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲታረቁባቸውም አይተናል። አጥሩ ሲነሣ አግዳሚዎቹ የሉም። ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ለካፌዎች ተከራይቶ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል። ለሕዝቡ የቀረለት ፀሐይ የሚመታው ንጣፍ ነው። ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት ያሳለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት አሉን። አንድ ማለዳ ከነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ አረፍ አሉ። ካፌው ገና አልተከፈተም፤ ወንበሩ ላይ ጤዛ ነበረበት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ነው የተቀመጡት። ጥበቃው መጣና «እማማ፣ ሳያዙ መቀመጥ አይቻልም» አላቸው። «ማንን ልዘዝ ልጄ? ማን አለ?» ቢሉት «እንግዲያው ሲከፈት ይመለሱ» ብሎ አስነሣቸው። በጥበቃው አንፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ቡና መጠጣትም አንጠላም። ነገር ግን ከጡረታ አበል ላይ በየማለዳው የካፌ ቡና የሚችል ከመካከላችን የለም። ካፌ የሚያዘወትር ሰው ሊያይ የተፈቀደለትን ሐይቅ፣ ወንበር መግዛት ያልቻለ ሰው ቆሞ እንዲያየው የወሰነው ማን ነው?

ከሁሉ የከፋው ግን የሸምበቆው ነገር ነው። ከዳርቻው ረጅም ክፍል ላይ ሸምበቆውና ፊላው ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ረግረጉ በገረጋንቲ ተሞልቶ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶበታል። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «እይታ ይከልላል፣ ወባ ያራባል፣ ቆሻሻ ይይዛል» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ በእኛ ስም የምጽፈው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ በዚህ ላይ በአጭሩ ማለፍ አይሆንልኝም።

ስለ እይታው፦ የምንሄድበት መንገድ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ባሠጋ ጊዜ ጎርፍ እንዲከላከል የተሠራ ካብ ነው። ከፍ ያለ ነው። በላዩ የሚሄድ ሰው ከሸምበቆው በላይ አሻግሮ ሐይቁን እስከ ማዶ ተራሮች ያያል። ያም አልበቃ ካለው ታቦር ተራራ እዚሁ አጠገቡ ነው፤ ይውጣ።

ስለ ወባው፦ በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ እንቁላሏን መጣል የምትወደው ፀሐይ በሚመታው፣ ጥልቀት በሌለው፣ ዓሣ በማይገባበት ትንሽ ኩሬ ነው። የመኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ ለእርሷ ምቹ ነው። በሸምበቆ ውስጥ ባለ የሐይቅ ውሃ ላይ ግን የዓሣ ጫጩቶችና የውሃ ነፍሳት ዕጯን ይለቅሙታል። ተቋራጩ ድንጋይ ሲያመላልስ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ሳይደፈኑ ቀርተው ዝናብ ሞልቷቸዋል። ወባ ፍለጋ ከሆነ የተነሣችሁት፣ ከግንቡ ጀርባ ኑና እዩ።

ስለ ቆሻሻው፦ አዎ፣ ሸምበቆ ቆሻሻ ይይዛል። ሥራው ነው። ከከተማው ቦይ የሚወርደውን ደለልና ላስቲክ ሐይቁ መሐል ሳይደርስ ያስቀረዋል። የተያዘውን ማንሣት የእናንተ ድርሻ ነበር፤ እናንተ ግን ያዡን ነቀላችሁት።

በዚያ ሸምበቆ ውስጥ ማን እንደሚኖር የጠየቀ ያለ አይመስለንም። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ የሚሸሸጉት በዳርቻው ሣርና ሸምበቆ ውስጥ ነው። አሞራ ገደል ገበያ ላይ ማለዳ በዳጣ የምትበሉት ዓሣ ያደገው እዚያ ነው። ትንሿ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነችው፣ ወደ ውሃው የምትወረወረው ከሸምበቆ አገዳ ላይ ተነሥታ ነው። በግንብ ላይ አታርፍም። በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመድ፣ ጣቶቿ ከገላዋ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም የሆኑ ሌላ ወፍ ደግሞ አለች፤ በእንግሊዝኛ ስሟ ጃካና ትባላለች። የዚህች ወፍ ወንዱ ነው እንቁላል የሚታቀፈው፤ ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው እርሱ ነው። አደጋ ሲመጣ ልጆቹን በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከክንፉ ሥር የሚታየው የተንጠለጠሉ ቀጫጭን እግሮች ብቻ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ስመጣ ይህን ያየ ክፍል ሌላውን ትምህርት ሁሉ ቢረሳ ይህችን አይረሳትም ነበር። ዛሬ ግንቡ በተሠራበት ቦታ የሚንሳፈፈው ቅጠል የለም፤ ወፏም የለችም። በየዓመቱ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው መስመር የሚመጡት እንግዳ ወፎችም የሚያርፉበት ጭቃ በገረጋንቲ ሥር ነው።

ደግሞም ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው፤ የገባው ሁሉ ደግሞ እዚያው ይቀራል። ጥቁር ውሃ የሚነሣበት ጨለለቃ በአንድ ወቅት ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነው። ደለል ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ማለታችን ነው። እናንተ ግን «አካባቢያችንን በጋራ እንጠብቅ» ብላችሁ ከሰቀላችሁት ሰሌዳ ሥር ባጃጆች እስከ ጎማቸው ሐይቅ ውስጥ ገብተው በሳሙና ይታጠባሉ። ዘይቱ በውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሲሠራ ጥበቃው ያያል። እማማን ያስነሣው ጥበቃ ማለታችን ነው።

ወደ ዛፎቹ እንለፍ። ጉሬዛ መሬት መውረድ አይወድም። ከሾላ ወደ ዋርካ፣ ከዋርካ ወደ ግራር እየዘለለ ነው የሚኖረው፤ ጎዳናው ቅርንጫፍ ነው። ከመዝናኛው በር አጠገብ የነበሩት ዛፎች «ለፎቶ መነሻ አደባባይ» ተብለው ተቆረጡና በአንዱ ዛፍና በሌላው መካከል ሊዘለል የማይችል ክፍተት ተፈጠረ። አንድ ማለዳ የሆነውን አብረን አይተናል። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ከራስ እስከ ጅራት ነጭ ነው፤ እንዲህ ያለ አዲስ ልጅ ደረቷ ላይ የለጠፈች እናት ከዛፍ ወርዳ በንጣፉ ላይ ሮጠች። ሁለት ውሾች ተከተሏት። አንድ ጋዜጣ ይዞ የነበረ ባልንጀራችን ጋዜጣውን ወርውሮ እየጮኸ በመካከል ባይገባ ኖሮ አብቅቶላቸው ነበር። ግንዱ ላይ ከወጣች በኋላም ልጇን በእጇ እየዳሰሰች ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ታየን ነበር። የተቆረጠ ሾላ ዛሬ ቢተከል እኛ አንደርስበትም። በቀሩት ዛፎች መካከል ወፍራም ገመድ መዘርጋት ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ኬንያ ውስጥ በዲያኒ የባሕር ዳርቻ ለጉሬዛዎች እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ ከመንገድ በላይ ተሰቅሎላቸው እንስሳቱ ይሄዱበታል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነገር፦ በበሩ ላይ ኦቾሎኒና ብስኩት «ለጦጣ» እየተባለ ይሸጣል። ሻጮቹ እንጀራቸው ነው፤ እነርሱን አሳዱ አንልም። ነገር ግን አንድም ቦታ «እንስሳትን አትመግቡ» የሚል ጽሑፍ የለም። የጉሬዛ ሆድ እንደ በሬ ሆድ ብዙ ክፍል ያለው፣ ቅጠል አብላልቶ እንዲፈጭ የተሠራ ነው፤ ብስኩትና ዳቦ ይነፋዋል፣ ያሳምመዋል። ጦጣዋ ደግሞ ከሰው እጅ መብላት ከለመደች በኋላ ከሰው እጅ መንጠቅ ትጀምራለች፤ የሕፃን ልጅ ጣት ስትነክስ አይተናል። እንግዲህ ይህን ልማድ ያስተማራት ሰው ሆኖ ሳለ፣ አሁን «ጦጣዎቹ ጎብኚ አስቸገሩ፣ ይነሡ» የሚል ወሬ ከቢሯችሁ ይሰማል። ውሸት ከሆነ አስተባብሉ።

አባ ኮዳዎቹንም አንርሳ፤ ውበት የላቸውምና ጠበቃ የላቸውም። ራሰ በራ፣ እግሩ በራሱ ኩስ የነጣ (ሙቀት የሚቀዘቅዝለት በዚያ ነው)፣ ከዓሣ ገበያው ዳር እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚጠባበቀው ያ ግዙፍ ወፍ የዓሣውን አንጀትና ራስ በልቶ ዳርቻውን ከሽታና ከዝንብ ይጠብቃል። ደመወዝ የማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛችሁ ነው። አሁን ግን የዓሣው ትራፊ ከፌስታል ጋር ተቀላቅሎ ስለሚጣል ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣል። አንዱ ወፍ ከመንቁሩ ሰማያዊ ፌስታል ተንጠልጥሎ፣ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ራሱን ሲወዘውዝ ቆሞ ያየ ሰው ያንን ቀን ዓሣ መብላት አያምረውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. አጽድቋል። በገበያው ላይ ይህን የሚያስፈጽም ሰው አላየንም፤ ለዓሣ ትራፊ ብቻ የሚሆን በርሜል እንኳ አልተቀመጠም።

ጉማሬዎቹ በሚወጡበት በኩል የተሠራው አጥር ደግሞ ሰው ያስገድላል ብለን እንሠጋለን፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ግዴታችን ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። የሚወጣበትን መንገድ ከእናቱ ተምሮ ነው የሚያውቀው። መንገዱ ላይ አጥር ሲያገኝ አይመለስም፤ በአጥሩ ጫፍ ዞሮ ሰው በሚሄድበት በኩል ይወጣል። ከውሃው ተለይቶ መንገዱ የተዘጋበት ጉማሬ ደግሞ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ጀልባ ቀዛፊዎቹን ጠይቁ። አዲሱ መብራት እስከ ምሽት ሰው ይዞ ስለሚያቆይ ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓትም ሰፍቷል።

ስለ ድምፅ ማጉያዎቹ ብዙ አንልም። ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ዘፈን ይመጣል፤ የትኛውም አይሰማም። ስለ ሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አንድ ቃል ብቻ፦ የለም። በእኛ ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አባትና እናት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ይህ ሁሉ እንዴት እንደተወሰነ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለነዋሪ ምክክር ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ከእኛም የሄዱ ነበሩ። የታየው በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ የባሕር ወፎችና የቅንጦት ጀልባዎች አሉ። ባሕረኛው ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ይህ የቀይ ባሕር ነው ወይስ የሐዋሳ? እኔ ቀይ ባሕርን አውቀዋለሁ፤ እርሱም እንኳ እንዲህ አይደለም» ብሎ ቢጠይቅ ሰው ሳቀ፤ መልስ ግን አልተሰጠውም። ወዲያው «አስተያየታችሁን ተቀብለናል» ተብሎ ስብሰባው ተዘጋ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፕሮጀክቶች በተመለከተ ሕዝብ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የተሳለ ሥዕል ማየት መመካከር ከሆነ፣ ተመካክረናል።

የውጭ ከተሞችን መምሰል ከተፈለገም እሺ፣ እንምሰል። ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተ የዕፀዋት መናፈሻ አለ። ዛፎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ጉሬዛዎች በላያቸው ይዘላሉ፤ ጎብኚ የሚከፍለው ይህንኑ ለማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ በባሕረ ሰላጤዋ ዳር፣ ክሪሲ ፊልድ በሚባለው የቀድሞ ወታደራዊ አየር ማረፊያ ላይ፣ ቀድሞ ረግረጉን ደፍነው አስፋልት አንጥፈውበት ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስፋልቱን ነቅለው ውሃውንና ረግረጉን መለሱት፤ ዛሬ ሰው በእግሩ እየሄደ ወፍ የሚያይበት ነው። እነርሱ ደፍነውት የተጸጸቱበትን ነገር እኛ ገና ልንደፍን እንቸኩላለን።

ሐዋሳ ሐይቁን እንደ ጌጥ ብቻ የያዘች ከተማ አይደለችም። የሲዳማ ሕዝብ ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውን ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብረው በዚሁ ሐይቅ አጠገብ፣ በጉዱማሌ ነው። በበዓሉ ዕለት ዛፍ መቁረጥና ከብት ማረድ ነውር እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። መማር ለሚፈልግ አማካሪ ከቤት አለ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ግንብ ያልደረሰበት የዳርቻ ክፍል ላይ ሸምበቆ መንቀል ዛሬውኑ ይቁም፤ ግንቡ የተሠራበት ክፍል ላይም ቢያንስ በአሞራ ገደልና በፍቅር ሐይቅ መካከል ባለው ቦታ ገረጋንቲው ተነሥቶ ሸምበቆው ይመለስ። ለካፌ ከተከራየው ጥላ ግማሹ ለሕዝብ ይለቀቅ፤ ማንም ሳያዝዝ የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች ይመለሱ። አንድም ተጨማሪ ሾላ እንዳይቆረጥ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ ለጉሬዛዎቹ የገመድ መሸጋገሪያ ይሠራ። ጦጣዎቹን ስለ ማንሣት የተያዘ ሐሳብ ካለ ለሕዝብ ይገለጽ። ዓሣ ገበያው ላይ ለትራፊው ብቻ የሚሆን በርሜል ይቀመጥ፤ ባጃጅ ማጠቢያ ከሐይቁ ርቆ ፍሳሹ በሚጠራቀምበት ቦታ ይሰጥ። ባጃጅ ነጂዎቹም የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም፤ ስታባርሩ ብቻ ሌላ ዳር ይሄዳሉ። የጉማሬ መውጫውን የዘጋው አጥር ይከፈት፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሰው በዚያ በኩል እንዳያልፍ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ይቁም። መጸዳጃ ቤት ይሠራ።

በመጨረሻም የቀጣዩ ምዕራፍ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ከዓሣ አስጋሪዎች፣ ከጀልባ ቀዛፊዎች፣ ከአስጎብኚዎችና ከእኛ ጋር በዳርቻው ላይ በእግር እየሄዳችሁ ተነጋገሩ። በአዳራሽ ውስጥ አይሁን። ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ እኛ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ነን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር
በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የማለዳ እግር ተጓዥ ጡረተኞችን በመወከል
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለአካባቢ ጥበቃ የሥራ ኃላፊዎች
ለዓሣ አስጋሪዎችና ለጀልባ ቀዛፊዎች
ለከተማው ነዋሪዎች